ገና ያልመጣ ዓመት የተጻፈበት ጎማ

ከሚሴ ውስጥ ቶፊቅ እምቢ ያለውን ጎማ የሚነዳ ሰው የለም፤ ቢኖርም በቶፊቅ በር አያልፍም። ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ወደ ሰንበቴ በሚያስወጣው አስፓልት ዳር፣ በአንድ ኮምፕሬሰርና በአንዲት የቆርቆሮ ዳስ ሠላሳ ዓመት ጎሚስታ ሆኖ ኖሯል። ሰው አየር ሊያስሞላ ይመጣል፤ እሱ ሳይጠየቅ አራቱንም ጎማ ዞሮ ያያል። አውራ ጣቱን በጎማው ጥርስ መካከል ይከታል፣ ጎኑን በጥፍሩ ይጭራል፣ ጎንበስ ብሎ ያሸታል። ከዚያ ፊቱን አጨማዶ «ይኼን ይዘህ ሐርቡም አትደርስ» ካለ አለቀ፤ ቢለማመጡት፣ ቢቆጡት፣ አማላጅ ቢልኩበት አይመለስም። የባጃጅ ነጂዎች «ዶክተር» ይሉታል። ሲያሾፉበት ነው፤ ሚስቶቻቸውን አሳፍረው ራቅ ያለ መንገድ ሊሄዱ ሲሉ ግን መጀመሪያ እሱ ዘንድ ነው የሚቆሙት።

ይህ ግትርነቱ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። በአስራ ሰባት ዓመቱ የሾፌር ሙሀመድኑር ረዳት ሆኖ በጭነት መኪና ይሠራ ነበር። ረዳት ማለዳ መኪናው ከመነሳቱ በፊት ጎማዎቹን በብረት እየመታ ይዞራል፤ ደህናው ጎማ ብረቱን ያነጥረዋል፣ በሽተኛው ድምፁን ያፍነዋል። አንድ ቀን ቶፊቅ እንቅልፍ አልጠገበም ነበርና አምስቱን መታ፣ ስድስተኛውን ዘለለ፣ «ደህና ናቸው» አለ። ጣርማበርን ሲወርዱ ያ የዘለለው ጎማ ፈነዳ። ሾፌር ሙሀመድኑር እዚያው ሞተ። ቶፊቅ እስከ ዛሬ የሚጎትተውን ግራ እግሩን ይዞ ተረፈ።

ከሆስፒታል እንደወጣ መጀመሪያ የሄደው የሟቹ ሚስት፣ እማማ ዓዲላ ቤት ነበር። ያኔ ገና ወጣት ነበሩ፤ የሁለት ዓመት ልጃቸውን አብዱልጀሊልን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ስድስተኛውን ጎማ እንዳልመታው ነገራቸው። ማንም አላየው፣ ማንም አልጠየቀው፤ በገዛ አፉ ነገራቸው። ሴትዮዋ «አውፍ ብዬሃለሁ» አሉት። «ለአላህ ብዬ ይቅር ብዬሃለሁ። ግን ከእንግዲህ አንድም እንዳትዘል።» ከዚያ ወዲህ ቶፊቅ አንድም ዘሎ አያውቅም።

ሌላው ልቡ ውስጥ የተቀረቀረው ነገር ከማል ነው። ከማልን በልጅነቱ ተቀብሎ ሙያ አስተማረው፤ አስራ አንድ ዓመት አብረው ሠሩ፤ ኋላም ሸሪክ ሆነው ሰሌዳው ላይ «ቶፊቅና ከማል ጎሚስታ» ብለው የሁለቱንም ስልክ አጻፉ። የዳሷ ሕግ አንድ ነበረች፦ አንዱ ያሰረውን ብሎን ሌላው ይፈትሻል። ከሦስት ዓመት በፊት ከማል መርጦ የገጠመው የሚኒባስ የፊት ጎማ ሐርቡ መግቢያ ላይ ፈነዳና መኪናው ማሽላ ውስጥ ተገለበጠ። አልሐምዱሊላህ፣ የሞተ የለም፤ የአንዲት ሴት ክንድ ተሰበረ። ከማል «ቁጥሩን አይቼ ነው የገጠምኩት አያ ቶፊቅ፤ ወላሂ የአምና ጎማ ነው» አለ። ቶፊቅ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ያ የጣርማበር ቀን ዓይኑ ላይ መጣበትና ሕዝብ በተሰበሰበበት «ከዛሬ ጀምሮ ይህ ሰው ያሰረውን ጎማ አትንዱ!» ብሎ ጮኸ። በከሚሴ የጎማ ዳኛ ቶፊቅ ነውና፣ ከማል ሳምንት ሳይሞላው ዕቃውን ጠቅልሎ ሰንበቴ ገባ። ቶፊቅ የከማልን ስም ከሰሌዳው ላይ በጥቁር ቀለም አጠፋ። ቀለሙ ስላለቀበት ስልክ ቁጥሩን ተወው። ከዚያ ወዲህ እሱ ያሰረውን የሚፈትሽለት ሰው የለም።

ከማል «ቁጥሩን አይቼ» ያለው ጎማ ጎን ላይ የሚታተመውን አራት አሃዝ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ጎማው የተሠራበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይናገራሉ። ቶፊቅ ይህን ድሮ ከአንድ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ሰምቶ ለከማል ያስተማረው ራሱ ነው። በከሚሴ ግን የጎማ ልደት የሚጠይቅ ሰው የለም። እዚህ ጎማ አርጅቶ አይሞትም፤ ኮረኮንቹ ቀድሞ ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቁጥሯ በዓመት አንዴም ሁለቴም ብትታይ ነው።

ዘንድሮ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ አብዱልጀሊል መኪናውን ይዞ ዳሱ በር ላይ ቆመ። ያ ሕፃን አሁን አርባ ዓመት ያለፈው የከብት ነጋዴ ነው፤ መኪናዋም በከሚሴ አምሳያ የሌላት ቅንጡ ሃይብሪድ ናት፤ በቤንዚንም በባትሪም ትሄዳለች። በባትሪ ስትሄድ ድምፅ የላትም፤ ፍየሎቹ እንኳ አፍንጫቸው ሥር እስክትደርስ አይሸሹም።

«አያ ቶፊቅ» አለ አብዱልጀሊል፣ «እናቴ ዘንድሮ ሐጅ ልትሄድ ነው። አዲስ አበባ ድረስ እኔው ነኝ የማደርሳት፤ ጎማዎቹ ደግሞ አልቀዋል። የመኪናው ሻጮች እኛ እንምረጥልህ ብለውኝ ነበር። ለእናቴ ጎማ ከአንተ ሌላ ሰው አላስመርጥም።»

ቶፊቅ ደስ አለው። ደስ ብቻ አይደለም፣ ፈራም። ለእኚህ ሴት አንድ ጊዜ ጎማ መርምሮ ያደረሰባቸውን ያውቃል።

ለዚያች መኪና ጎማ መምረጥ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ባትሪው ስለሚያከብዳት ሰው ሳይጫንባት እንኳ ከሁለት ቶን በላይ ናት። መንገዱ ከሰንበቴ እስከ ሸዋ ሮቢት አስፓልቱን የሚያቀልጥ ቆላ ነው፤ ከደብረ ሲና ሽቅብ ሲወጡ ጣርማበር ላይ ጭጋግና ዝናብ ይጠብቃል። በጋንና ክረምትን በአንድ ቀን የሚያልፍ ጎማ ነው የሚያስፈልገው። ቶፊቅ የድሮዎቹ ጎማዎች ላይ የተጻፈውን አንድ በአንድ ገልብጦ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ፦ መጠኑ ይህ፣ የሚሸከመው ክብደት ቁጥር 106።

ኮምቦልቻ ያገኘው የመጀመሪያው ጎማ ወፍራምና ጥርሱ የጎረበጠ፣ ለጭቃ የተሠራ ነበር። አብዱልጀሊል ወደደው፤ የእኛ አገር ሰው ወፍራም ነገር ካየ ልቡ ይረጋል። ቶፊቅ «ይኼ ለእርሻ ነው፤ ዝናብ ላይ ይንሸራተታል፣ ነዳጅህንም ይጠጣዋል» ብሎ መለሰው። ደሴ ያገኘው ሁለተኛው ለስላሳና ቆንጆ ነበር፤ የክብደት ቁጥሩ ግን 98። «ይኼ የሙሽራ መኪና ጎማ ነው፤ እናትህንና ሻንጣቸውን አይችልም» አለ። ከሚሴንም፣ ኮምቦልቻንም፣ ደሴንም ጠየቀ። በየበኩላቸው «ሰንበቴ ከማል ዘንድስ አይተሃል?» ያሉት ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሰምቶ እንዳልሰማ አለፈ።

ሦስተኛው አዲስ አበባ ካለ ነጋዴ በአውቶቡስ መጣ። በላስቲክ የተጠቀለሉ አራት ጎማዎች፤ ለበጋም ለክረምትም የሚሆኑ፣ መጠናቸው ልክ፣ የክብደት ቁጥራቸው 106። ቶፊቅ ላስቲኩን ቀድዶ ጥፍሩን ጎኑ ላይ ጫነ። ደረቅ አለበት። አሸተተው። አዲስ ጎማ ሲፈታ ጎረቤት ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ግን ሽታው ሩቅ ነበር። ሁለተኛውን አየ፣ ሦስተኛውን አየ፤ ያው ነው። ልቡ አልወደደውም።

ያኔ ቁጥሩ ትዝ አለው። መነጽሩን አድርጎ ጎማውን ወደ ብርሃን አዞረው። 2217 ይላል። ሃያ ሁለተኛው ሳምንት፣ አስራ ሰባት። ዘንድሮ ሁለት ሺህ አስራ ስምንት ነው። የአምና ጎማ! አራቱንም አየ፤ አራቱም 2217። «ያረጀውስ የእኔ ጥፍር ነው» አለና ሳቀ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ቶፊቅ ዕድሜ ልኩን ጣቱን አምኖ ኖሮ፣ ጣቱን ከድቶ ቁጥር ያመነው ያን ቀን ብቻ ነው።

የመሄጃው ቀን በግንቦት፣ እሑድ ጠዋት ነበር። ሐጅ የሚሄድ ሰው ከመነሳቱ በፊት ያወቀውንም የበደለውንም «አውፍ በለኝ» እያለ ይዞራል፤ የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት መቆም ከባድ ነው። እማማ ዓዲላ ሦስት ቀን ሙሉ ከሚሴን ሲዞሩ ሰንብተው፣ መጨረሻ ላይ መኪናዋን ቶፊቅ ዳስ በር ላይ አስቆሙ። ከኋላ የአብዱልጀሊል ሚስት ረቢአ ከሁለት ልጆቿ ጋር ተቀምጣለች፤ ጣሪያው ላይ ሻንጣ በሻንጣ ላይ ታስሯል።

«አካም ጅርታ፣ ያ ኢልመኮ፤ እንዴት ነህ ልጄ» አሉት እማማ ዓዲላ በመስኮቱ። «አውፍ በለኝ።»

«እኔን ነው? አንቱ እኔን ምን በድለውኝ?»

«ሰው ሳያውቅም ይበድላል። አውፍ በለኝ።»

«ከልቤ ብያለሁ እማማ። ዱዓ ያድርጉልኝ።»

አሮጊቷ ዓይናቸውን ወደ ሰሌዳው፣ ወደ ጥቁሩ ቀለም መለሱ። «ከከማል ጋርስ? አውፍታ ሐጅ ለሚሄድ ሰው ብቻ ነው እንዴ?»

ቶፊቅ ጎንበስ ብሎ የፊቱን ጎማ በመዳፉ ቸብ ቸብ አደረገ። «ጎማው አንደኛ ነው፤ አብሽሩ። በሰላም ይግቡ» አለ። የተጠየቀው ሌላ፣ የመለሰው ሌላ። መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ተነሳች።

ቤቱ የገባው መኪናዋ ከሄደች ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ፣ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሚስቱ ዘሃራ ቁርሱን አቀረበችለትና የደም ግፊት ኪኒኑን ከፋርማሲው ካርቶን አወጣች። ካርቶኑን አገላብጣ አየችው።

«አንተ ቶፊቅ፣ ይኼ ነገር ትክክል ነው? የሚያልፍበት ሁለት ሺህ ሃያ ሰባት ይላል። ዘጠኝ ዓመት የሚቆይ ኪኒን አለ?»

«በፈረንጅ ነው እንጂ» አለ ቶፊቅ እየጎረሰ። «የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ስምንት ቀንሺለት፤ የከርሞ…»

እንጀራው ከአፉ ጋ ቆመ።

የፋብሪካ ዕቃ ሁሉ።

አስራ ሰባት። በፈረንጅ አስራ ሰባት ከሆነ፣ በእኛ ዘጠኝ ነው። ጎማው የአምና አይደለም፤ የዘጠኝ ዓመት ጎማ ነው። ዘጠኝ ዓመት መጋዘን ውስጥ የደረቀ ጎማ! ጥፍሩ ነግሮት ነበር። አፍንጫው ነግሮት ነበር። አልፎ አልፎ ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት የሚል ጎማ ገጥሞት ያውቃል፤ «ይኼኛው የፋብሪካው የራሱ ቁጥር ይሆናል» እያለ ያልፈው ነበር። ገና ያልመጣ ዓመት ጎማ ላይ ተጽፎ አይቶ እንኳ አልነቃም።

«ምን ሆንክ? ፊትህ አመድ መሰለ» አለች ዘሃራ።

«ገደልኳቸው» አለ ቶፊቅ። «ባልየውን ገደልኩ፣ አሁን ደግሞ እሳቸውን።»

ስልኩን አንስቶ አብዱልጀሊል ዘንድ ደወለ። ተይዟል። እማማ ዓዲላ ዘንድ ደወለ። ተይዟል። ደገመ፣ ሠለሰ። ያን ቀን የከሚሴ ሰው በሙሉ ስልክ ላይ ነበር፤ «ዱዓ አድርጉልኝ፣ ስሜን እዚያ ጥሩልኝ» የሚለው ሁሉ ተራ ይዞ ይደውላል። ቶፊቅም ከምርቃት ፈላጊዎቹ ኋላ ተሰለፈ። «አቁም፣ ጎማው አሮጌ ነው» ብሎ መልእክት ጻፈ፤ መሪ የጨበጠ ሰው ግን መልእክት አያነብም።

በልቡ መንገዱን ለካው። ጨፋ ያሉ ዘመዶቻቸውን አውፍ ሳይሉ አያልፉም፤ ግማሽ ሰዓት እዚያ ይቆማሉ። ከዚያ ሰንበቴ። ዛሬ የሰንበቴ ገበያ ነው፤ ግመልና በሬ አስፓልቱን ስለሚሞላው መኪና በእርምጃ ነው የሚያልፈው። ከሰንበቴ ካለፉ ግን የሚያቆማቸው ነገር የለም፤ ሙቀቱ አለ፣ አብዱልጀሊል የሚወደው ፍጥነት አለ፣ ከዚያ የጣርማበር ገደል አለ። ሰንበቴ መንገድ ዳር ተቀምጦ፣ ጎማ አውቆ፣ መኪና አስቁሞ የሚያስፈትሽ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

የከማልን ቁጥር ከስልኩ ላይ ካጠፋው ሦስት ዓመቱ ነው። እግሩን እየጎተተ ወደ ዳሱ ሮጠ። ከኋላው ዘሃራ «ጫማህን!» ትላለች፤ በነጠላ ጫማ ነበር የወጣው። ሰሌዳው ሥር ቆሞ ቀና አለ። ከጥቁሩ ቀለም ሥር፣ አቧራ የጠጣው ቁጥር አለ። በክንዱ ጠረገው። ሁለት ጊዜ ተሳስቶ በሦስተኛው ደወለ።

ጠራ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ አምስት ጊዜ።

«ሄሎ?» ከድምፁ ኋላ የግመል ጩኸትና የደላላ ግርግር አለ።

«ከማል፣ እኔ ነኝ።»

«ማን ልበል?» አለ ከማል፣ ድምፁን ለይቶት ሳለ።

«ቶፊቅ ነኝ። የአብዱልጀሊል ነጯ ሃይብሪድ በአንተ በር ልታልፍ ነው። እማማ ዓዲላ ውስጥ ናቸው፣ ልጆችም አሉ። የሞት ሞትህን አስቁምልኝ።»

«ምን ሆና?»

«ጎማው።»

«ማን የገጠመው ጎማ?»

ይህን ጥያቄ የመጠየቅ መብት ያለው ሰው ቢኖር ከማል ነው።

«እኔ የገጠምኩት።»

«ቶለ» አለ ከማልና ዘጋው።

ቶለ ማለት እሺ ማለት ነው። እሺ ብሎ የሚነሳ ሰው አለ፤ እሺ ብሎ የሚቀመጥም አለ። ቶፊቅ የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ መጀመሪያ ያገኘው ሚኒባስ ላይ ተንጠለጠለ። መንገዱን ሁሉ ዓይኑ ከአስፓልቱ ዳር አልተነሳም። የተቀደደ የጎማ ቁራጭ ባየ ቁጥር ከመቀመጫው ይነሳና «ቁም!» ሊል አፉን ይከፍታል፤ የከባድ መኪና መሆኑን ሲያይ ይቀመጣል። አጠገቡ የነበሩት ሽማግሌ «ያ ረቢ፣ ምን አግኝቶህ ነው?» አሉት። እንደገና ወደ ከማል ደወለ፤ አያነሳም። ወደ አብዱልጀሊል ደወለ፤ ተይዟል። የፈሩት ይደርሳል የሚሉት ነገር በጆሮው ይጮህበታል።

የሰንበቴ ገበያ ዳር ሲደርስ መጀመሪያ ያየው የሰው ክምር ነው። ወርዶ እየገፋ ገባ። አስፓልቱ መካከል አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጎማ ተጋድሟል፤ ከማል ከዳሱ አንከባልሎ መንገዱን የዘጋበት ነው። ከጎማው ፊት ለፊት ነጯ መኪና ቆማለች። እማማ ዓዲላ መቁጠሪያቸውን ይዘው መስኮቱ ዳር ተቀምጠዋል። ደህና ናቸው! ቶፊቅ አስፓልቱ ላይ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ቆመ።

«አያ ቶፊቅ!» አብዱልጀሊል ደም ሥሩ ተገታትሮ መጣበት። «በረራው ነገ ማለዳ ነው። ይህ ሰው መንገድ ዘግቶ ያዘኝ፤ አንተ ነህ አሉ ያዘዝከው። ጎማው አንደኛ ነው ያልከኝ አንተ አይደለህም?»

ከማል ከፊት ጎማው ሥር ተነሳ። ጺሙ ሸብቷል፤ በሦስት ዓመት እንዲህ የሚሸብት ሰው ቶፊቅ አያውቅም። «አራቱንም አየሁ» አለ፣ ወደ ቶፊቅ ሳይሆን ወደ ሕዝቡ እያየ። «ሃያ ሁለት፣ አስራ ሰባት ይላል። የአምና ጎማ ነው፤ ጥርሱም ሙሉ ነው። ምንም የለበትም። አያ ቶፊቅ፣ ሰው ፊት ስታዋርደኝ ይኼ ሁለተኛህ ነው።»

ሕዝቡ አጉረመረመ። ያኔ ቶፊቅ ነገሩ ሁሉ ገባው፤ ከሚሴ ላይ ያልገባው ግማሹ ጭምር። ከማል ዛሬም የሚያነበው እሱ እንዳስተማረው ነው። ያኔም እሱ እንዳስተማረው ነበር ያነበበው።

«ከማል» አለ፣ «ቁጥሩ በፈረንጅ ነው።»

«ምኑ?»

«ዓመቱ። በፈረንጅ አስራ ሰባት፣ በእኛ ዘጠኝ።»

የከማል ከንፈር ተንቀሳቀሰ። ሲቆጥር ያስታውቃል። «የዘጠኝ ዓመት ጎማ…» አለ ቀስ ብሎ። ከዚያ ፊቱ ተለወጠ፤ ሐሳቡ ወዴት እንደሄደ ቶፊቅ አወቀ። ሐርቡ፣ ማሽላው ውስጥ።

ቶፊቅ እዚያ ላይ ዝም ቢል የሚያውቅበት አልነበረም። ግን ዝምታ ምን እንደሚያስከትል አንድ ጊዜ አይቷል። ድምፁን ከፍ አደረገ፤ ከሦስት ዓመት በፊት የጮኸውን ያህል ከፍ አደረገ። «ስሙኝ! የሚኒባሱ ጎማ አስራ አራት ነበር የሚለው። ከማል የአምና ነው ብሎ ገጠመው፤ ያ ጎማ ግን ዘጠኝ ዓመት ሊሞላው ነበር። እንዲህ ብለህ አንብብ ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ያ ጥፋት የእኔ ነበር። ከማልን ያለ ጥፋቱ ነው ያባረርኩት።»

ከማል ክሪኩን አምጥቶ መኪናዋን አነሳ፤ የፊቱን ጎማ ፈታ፣ አየሩን አስወጣና ጎኑን በሁለት እጁ አጠፈው። የተሰወረው ሁሉ ተገለጠ፦ ጎኑ ዙሪያውን ውኃ እንደራቀው ጭቃ ተሰነጣጥቋል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ የእንቁላል ያህል አብጧል። አብዱልጀሊል እብጠቱን በጣቱ ነካው። ከዚያ እናቱን አየ፣ ልጆቹን አየ፣ መንገዱ ዳር ቁጭ አለ።

ከማል ወደ ዳሱ ገባ። ሲመለስ ሁለት ጎማ እያንከባለለ ነው፤ ሌላም ሁለት ከኋላ ቀርቷል። «እንግዲያው እነዚህስ?» አለ። «አንድ ነጋዴ ሽጥልኝ ብሎ ትቶልኝ ሄዶ ነበር። መጠኑ የዚህችው ነው። ቁጥሩ ግን 4124 ይላል፤ ሃያ አራት ገና መቼ መጣ? ገና ያልመጣ ዓመት የተጻፈበት ጎማ የአጭበርባሪ ነው ብዬ፣ ገዢ ሲመጣ አልሸጥም እያልኩ ስመልስ ከረምኩ።»

ቶፊቅ ተንበርክኮ ጎማውን ወደ ራሱ ሳበ። የክብደት ቁጥሩ 106። ለበጋም ለክረምትም። ጥፍሩን ጫነው፤ ላስቲኩ ሰጠም ብሎ ተመለሰ። አሸተተው፤ ጭንቅላት ድረስ የሚዘልቅ የአዲስ ጎማ ሽታ። ሃያ አራት፣ በእኛ አስራ ሰባት፤ አርባ አንደኛው ሳምንት ከመስከረም ወዲህ ነውና የሚቀነሰው ሰባት ነው። እውነተኛው የአምና ጎማ እዚህ፣ ሳይጠይቅ ባለፈው አንድ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። አራቱንም ዞሮ አየ፤ አንድም አልዘለለም።

ወደ መስኮቱ ሄደ። «እማማ፣ አውፍ ይበሉኝ።»

«መዝለልና መሳሳት አንድ አይደለም» አሉ እማማ ዓዲላ። «ያን ጊዜ ዘለልክ፤ ዛሬ ተሳሳትክ፣ ደግሞም ሮጠህ ደረስክ። እኔ ዘንድ ምንም የለህም።» በአገጫቸው ወደ ከማል አመለከቱ። «ዕዳህ እዚያ ነው።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ተንበርክከው ሠሩ። ጎማ ከቸርኬ ሲያላቅቁ፣ አዲሱን ሲያስገቡ፣ አየር ሲሞሉ፣ እጃቸው ድሮ የለመደውን ያውቃል፣ አንዱ ሲዘረጋ ሌላው ያቀብላል። የመጨረሻው ጎማ ላይ ሲደርሱ ቶፊቅ ቀና ሳይል «አውፍ በለኝ ከማል» አለ።

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለ ከማል፣ «ሌሊት እየተነሳሁ ያን ጎማ አስበዋለሁ። የቱ ጋ ነው የተሳሳትኩት እያልኩ። ቁጥሩን አይቻለሁ፣ ጥርሱን አይቻለሁ፣ ብሎኑን አስሬያለሁ። ጥፋቴን ፈልጌ አጣሁት አያ ቶፊቅ። ጥፋቱን ያላወቀ ሰው ተጸጽቶ፣ ቶብቶ እንኳ አይወጣለትም።»

ቶፊቅ ጎማውን ገጥሞ አምስቱንም ብሎን አሰረ። ሲጨርስ መፍቻውን ይዞ ተንበርክኮ ቀረ።

ከማል እጁን ዘረጋና መፍቻውን ከእጁ ወሰደ። እንደ ድሮዋ የዳሷ ሕግ፣ ከመጀመሪያው ጎማ ጀምሮ ቶፊቅ ያሰረውን አንድ በአንድ ፈተሸ። የመጨረሻው ጎማ አራተኛ ብሎን ላይ ሲደርስ ግማሽ ዙር አጠበቀው።